በሆዴ ይዤ ኬላ ያለፍኩት ቡና

ሆዳም አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩን ሰምቶ የጨረሰ ሰው ሁሉ፣ ባለቤቴን ጨምሮ፣ መጨረሻ ላይ «አንተማ ሆዳም ነህ» ስለሚለኝ ነው። እናንተም ትሉ ይሆናል። በሉ፣ ምን አገባኝ። እኔ ግን ቃሌን ሰጥቻለሁ።

ጊዜው የደርግ ነው፤ አገሩ ያኔ ከፋ ክፍለ ሀገር ይባል የነበረው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ቀጭን ነኝ፣ ጎፈሬዬን አበጥራለሁ፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ጠዋት ሕፃናትን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በመሠረተ ትምህርት አዋቂዎችን። ደመወዜ ትንሽ፣ ጉራዬ ብዙ ነበር።

ያሳደጉኝ የአባቴ ታላቅ ወንድም መሪጌታ ላቀው ናቸው። ጅማ ቦሳ ኪቶ ነበር የሚኖሩት። አባቴ ሲሞት ከጎጃም አስመጥተው ፊደል ያስቆጠሩኝም፣ ዳዊት ያስደገሙኝም፣ በአለንጋ የገረፉኝም እሳቸው ስለሆኑ አጎቴ ብዬ ጠርቻቸው አላውቅም፤ «የኔታ» ነው የምላቸው። የኔታ ሚስትም ልጅም የላቸውም። ያላቸው እኔና ጾም ነን። በጾም ወራት በዚያ ቤት ቅቤ የሚባል ቃል ራሱ አይነሳም። ከቅዳሴ ሲወጡ ያገኙትን ሰው ሁሉ አስቁመው «ይርጋ እኮ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ አንድ ቀን ጾም ገድፎ አያውቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነበር። እስከዚያች ዓርብ ድረስ።

ከአዋቂ ተማሪዎቼ አንጋፋው አባ ዝናብ ነበሩ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ቡና አላቸው፣ በቅሎ አላቸው፣ የልጅ ልጅ አላቸው፤ ፊደል ብቻ አልነበራቸውም። መጀመሪያ የመጡ ሰሞን ጠመኔውን እንደ ማጭድ ነበር የሚጨብጡት። በየቀኑ አምስት ስድስት ጠመኔ ይሰብሩብኛል። እኔም ተስፋ ቆርጬባቸው ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። እሳቸው ግን አልቆረጡም። የማለፊያ ፈተናው ዕለት ጥቁር ሰሌዳው ጋ ሄደው ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። ጨርሰው ወደ ኋላ ሸሸት አሉና አዩት።

«ይሄ እኔ ነኝ?» አሉኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ክፍሉ ሁሉ አለቀሰ።

ከዚያ እጄን ያዙኝና «ባርሲሳ ኮ» አሉኝ፤ በኦሮምኛ መምህሬ ማለታቸው ነው። «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ቤቴ ትመጣለህ። ቡና ቀላ አሠራልሃለሁ። እምቢ የለም፣ ወላሂ!»

ቡና ቀላን ለማታውቁ ልንገራችሁ። የሚጠጣ ቡና አይደለም፤ የሚበላ ነው። የደረቀው የቡና ፍሬ ከነልጣጩ፣ ጫፍ ጫፉ እየተነከሰ፣ በቅቤ ይጠበሳል። አገሬው አንድ አንድ ፍሬ እያነሳ ቀስ ብሎ ያኝከዋል፣ ቅቤውንና ጣዕሙን ይመጥጠዋል፣ ያልላመውን ገለባ ወደ መዳፉ ይመልሰዋል። ለተራ እንግዳ አይቀርብም። ለምርቃት፣ ለእርቅ፣ ለትልቅ ሰው ነው። ያን ዕለት ትልቁ ሰው እኔ ነበርኩ እንግዲህ።

ሁለት ችግር ነበረብኝ። አንደኛው፣ ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፤ አምስተኛው ሳምንት። ሁለተኛው፣ ከዐሥር ቀን በፊት ሦስት የመንጋጋ ጥርሶቼን ነቅለውልኝ ድዴ ገና አልሻረም፤ እንጀራ እንኳ በወጥ አርሼ ነበር የምውጠው።

«ታዲያ ጾም ነው ብትላቸው ምን ነበረበት?» ትሉኛላችሁ። ምንም አልነበረበትም! አባ ዝናብ ራሳቸው ጾመኛ፣ የሰው ጾም የሚያከብሩ ሰው ናቸው። መንገድ ላይ ሳለሁ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ የእኛ ጾም ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያድርጉልኝ።» በቃ፣ ይሄን ማለት ነው። አጥሩን አልፌ ደጃፉ ላይ ስደርስ ቅቤው ሸተተኝ።

አምስት ሳምንት ሽሮ ከበላችሁ በኋላ ቅቤ ሸቷችሁ ያውቃል? እንግዲያው አትፍረዱብኝ። ያዘጋጀሁት ንግግር ከነምልክቱ ጠፋብኝ።

አባ ዝናብ ቆመው ተቀበሉኝ። ከፍ ካለው ቦታ አስቀመጡኝ። በእንጨት ሳህን ሙሉ ቡና ቀላ አቀረቡ፤ ፍሬው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ቅቤው ከሥር ይወዛወዛል። እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ፤ ዕድሜ፣ ልጅ፣ ሀብት፣ ሁሉንም ሰጡኝ። እኔም አሜን አሜን አልኩ።

«ኛዹ፣ ባርሲሳ ኮ! ብላ! እኔ ሰላቴን ሰግጄ መጣሁ» ብለው ወጡ።

ከሳህኑ ጋር ብቻችንን ቀረን። አንዷን ፍሬ አፌ ውስጥ ከተትኩ። ጣዕሟ! ልነክሳት ስል ድዴ እሳት ሆነ። ልተፋት አሰብኩ፤ ቅቤው አሳዘነኝ። ዋጥኳት። ዋጥ ሲደረግ አያምም። ሁለተኛዋን ዋጥኩ። ከዚያ ማንኪያ አየሁ። ማንኪያውን ያስቀመጡልኝ ቅቤውን እንድጨልፍበት ነበር መሰለኝ። እኔ በማንኪያ ሙሉ፣ ከነልጣጩ፣ ከነገለባው፣ ሰው ክኒን እንደሚውጥ እየዋጥኩ አጋመስኩት። እግዜር ይይልኝ፣ አንዴ ከገደፍኩ በኋላ ግማሽ ሳህንና ሙሉ ሳህን ኃጢአቱ አንድ ነው ብዬ ጨረስኩት።

አባ ዝናብ ሰግደው ሲመለሱ ሳህኑ ባዶ ነው። አዩት፣ እኔን አዩኝ።

«ማሻአላህ! ገለባውንስ ምን አደረግከው?»

«ውጭ ጣልኩት» አልኩ። ይኸው፣ ሁለተኛ ኃጢአት።

በጣም ደስ አላቸው። በሕይወታቸው ቡና ቀላ እንዲህ የወደደ አማራ አይተው አያውቁም። ሰው ተጠራ፣ ሁለተኛ ሳህን መጣ። አሁን እያዩኝ ስለሆነ አንድ አንዱን እያነሳሁ፣ መንጋጋዬን በባዶ እያንቀሳቀስኩ የማኝክ እየመሰልኩ ዋጥኩ። ይሄኛውን እንኳ ለይሉኝታ ነው የበላሁት። አላመናችሁኝም አይደል?

ቅዳሜ ደህና ነበርኩ። ከቡናው ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም እንጂ ደህና ነበርኩ። እሑድ ሆዴ ቁርጥ ቁርጥ አለኝ። ሰኞ ሕፃናቱን ማባዛት እያስተማርኩ ሳለ አንድ ነገር ከእምብርቴ ተነስቶ አንጀቴን እንደ እርጥብ ልብስ ጠመዘዘኝ። ጠምዝዞ ለቀቀኝ። ተመስገን ስል መልሶ ያዘኝ። ማስመለስ ጀመርኩ። መጸዳጃ ቤት እሄዳለሁ፣ ምንም የለም። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ንፋስ እንኳ እምቢ አለ። ማክሰኞ ጠዋት ሆዴ ተነፍቶ ቀበቶዬ አልደርስ አለ። እኔ ቀጭኑ ሰው!

ምክንያቱን አውቄዋለሁ ብያለሁ። ቅቤው ነው። እግዚአብሔር ነው የቀጣኝ። ገለባው ጨርሶ ትዝ አላለኝም።

ርእሰ መምህሩ ቡና ጭኖ ወደ ጅማ የሚሄድ የጭነት መኪና ለምኖ ጋቢና አስገባኝ። መንገዱ ጉድጓድ ነው። በየጉድጓዱ እናቴን እጠራለሁ። ሾፌሩ ገና እንዳየኝ ራዲዮውን ዘጋ፤ እንዳልሞትበት ነው የፈራው።

ኬላ ደረስን። በዚያ ዘመን ቡና የመንግሥት ነው፤ ያለ ወረቀት ይዞ ኬላ ማለፍ ያሳስራል። ሰው በትራስ ውስጥ፣ በጎማ ውስጥ፣ ሴቶች በአንቀልባ ሕፃን አስመስለው ሲያሳልፉ ይያዙ ነበር። ጠባቂው ጆንያ የሚወጋበትን ሹል ብረት ይዞ መጣና የሾፌሩን ወረቀት አየ። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። ጋቢ ለብሼ፣ ሆዴ ከጋቢው ሥር ጉብ ብሏል።

«ያ ምንድን ነው?»

«ሆድ ነው፣ ጓድ።»

«ግለጠው።»

ገለጥኩት። በብረቱ ጫፍ ሳይሆን በእጁ መታ መታ አደረገው። ከበሮ ነው የሚመስለው።

«ምን ይዘሃል እዚህ ውስጥ?»

«አላውቅም፣ ጓድ» ብዬ ያንኑ ሰዓት ማስመለስ ጀመርኩ። ጠባቂው ዘሎ ሸሸ። «ይለፍ! ይለፍ!» ሲል ሰማሁት። ያን ዕለት በዚያ ኬላ ሳይመዘገብ ሳይፈተሽ ያለፈው ቡና የእኔ ብቻ ነው። ያኔ ግን አላወቅኩም።

ቦሳ ኪቶ ስደርስ የኔታ ለቅዳሴ ሊወጡ በር ላይ ናቸው። መልኬን ሲያዩ መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። እንዲህ ሲደነግጡ አይቻቸው አላውቅም። ቅዳሴውን ትተው ጋሪ ጠሩ። እንደ ሕፃን አቅፈውኝ ሆስፒታል ገባን።

ሐኪሙ ዶክተር ሰለሞን ይባላል። አጠር ያለ፣ መነጽራም፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሆዴን ዳሰሰ፣ አንኳኳ፣ ማዳመጫውን አስደግፎ ረጅም ጊዜ አዳመጠ። ራጅ አስነሳኝ። ፎቶውን መስኮት ላይ አድርጎ አየና «አንጀትህ ተዘግቷል» አለኝ።

«በምን?» አሉ የኔታ።

«እሱን ነው የምፈልገው፣ አባቴ። ከዚህ በፊት ሆዱ ተቀዶ ያውቃል? ጠባሳ የለውም። ቡአ? የለበትም። አንጀቱ ተጠማዝዞም ሊሆን ይችላል። እዚህ አገር ደግሞ ወስፋት ተቆላልፎ ኳስ ሆኖ ይዘጋል፤ እሱ ከሆነ በቱቦ አንጀቱን አሳርፈን፣ መድኃኒት ሰጥተን መጠበቅ ይቻላል። ሌላ ከሆነ ግን መጠበቅ አይገባም፤ አንጀቱ ይሞታል። አንጀቱ ከሞተ እሱም ይሞታል።» ወደ እኔ ጎንበስ አለ። «ያልተለመደ ነገር ያጋጥመናል። ፀጉሯን እየነጨች የምትበላ ልጅ ከሆዷ የሹሩባ ጉንጉን የሚያህል አውጥቻለሁ። የሐሞት ጠጠሩ አንጀት ውስጥ ገብቶ የዘጋበት ሽማግሌ አይቻለሁ። ለውርርድ የበቆሎ ቆረቆንዳ የዋጠ ወታደርም አይቻለሁ። ምንም አልገረምም። ባለፉት ቀናት ምን በላህ?»

አፌን ከመክፈቴ በፊት የኔታ መለሱልኝ።

«ጾም ነው እኮ ዶክተር! ሽሮ፣ ጎመን፣ ቆሎ። ይሄ ልጅ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ጾም ገድፎ አያውቅም።»

ዶክተሩ እኔን አየኝ። «እሱ ነው?»

«እሱ ነው» አልኩ።

አጠገባችን ሲስተር ዘይነባ የምትባል ነርስ ቆማለች፤ የጅማው የሄርማታ ሰፈር ልጅ፣ ምላሷ የተሳለ። በአፍንጫዬ ቱቦ ስታስገባልኝ የወጣውን ጥቁር ፈሳሽ ሳህን ላይ አየችው። አሸተተችው። ቅንድቧን አንስታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። እኔ ጣሪያ ማየት ጀመርኩ።

የኔታ ውኃ ሊጠጡ ወጣ ሲሉ ጆሮዬ ሥር መጣች። «አንተ ልጅ፣ ማል ታቴ? ምን ሆነሃል? ይሄ ነገር ሽሮ ሽሮ አይሸትም።»

«ሽሮ ነው።»

«ሽሮ በቅቤ?»

መልሼ ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ።

«አባትህን ፈርተህ ነው? ከሞትክ እኮ አይቆጡህም፤ ልክ ነህ» ብላኝ ሄደች። ምነው እንዲህ ያለ ምላስ!

ነገሩን ሳስበው አሁንም ያመኛል። እዚያ አልጋ ላይ መዳኛዬ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ቡና ከነልጣጩ ዋጥኩ» ማለት። ልለው አልቻልኩም። ሞትን አልፈራሁም ብዬ አይደለም፤ በጣም ነው የፈራሁት። የየኔታን ፊት ግን ከሞትም አብልጬ ፈራሁ። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፣ በዓለም ላይ የሚኮሩበት አንድ ነገር የእኔ ጾም ነው። እሱን እንዴት ብዬ ልቀማቸው? ኧረ በሕግ!

ዶክተሩ ተመልሶ መጣ። ወስፋት ነው ብሎ ለመጠበቅ ልቡ አልሞላለትም። ሆዴ እየባሰበት ነው፤ ቢከፍተው ይሻላል። ፊርማ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱን ለየኔታ ዘረጋላቸው።

«አልፈርምም» አሉ የኔታ።

«አባቴ...»

«የዚህን ልጅ ሆድ በቢላ አትነኩም። በጾም የነጻ ሆድ ነው። መጋኛ መትቶት ነው፤ ነገ ማልዶ ጠበል እወስደዋለሁ።»

«አባቴ፣ ነገ የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል።»

«ዶክተር፣ እርስዎ ያወቁትን ያውቃሉ፤ እኔም ያሳደግኩትን ልጅ አውቃለሁ።»

«ልጁ ራሱስ ምን ይላል?» አለ ዶክተሩ። እኔ ምን እላለሁ። «የኔታ ካሉ» አልኩ። የዋህነቴን አያችሁ? ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ ፊቱን አሻሸ። ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ገደማ ነበር። በመስኮቱ የጅማ ፀሐይ ይገባል፣ ውጭ ጋሪ ይሄዳል፣ ሰው ይስቃል፤ እኔ ልሞት ነው።

የኔታ ከአልጋዬ ሥር ተንበረከኩ። ዳዊታቸውን ከፈቱ፣ እጃቸውን የተነፋው ሆዴ ላይ አደረጉ። ትንሽ በግዕዝ ደገሙና በአማርኛ መለመን ጀመሩ።

«ጌታዬ፣ የእኔን ኃጢአት አትይ። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ የረባ ሥራ የለኝም። የዚህን ልጅ ጾም እይ። አባት የሌለው ሆኖ በረሃብ ሰዓት የጾመውን እይ። ስለ ጾሙ ብለህ...»

ዕንባቸው ሆዴ ላይ ሲንጠባጠብ ተሰማኝ። ከዚህ በላይ አልቻልኩም።

«የኔታ፣ በጾሜ አይለምኑ!» ብዬ ጮህኩ።

ቀና አሉ። «ለምን?»

«ጾሜ የለም።»

«ወዴት ሄደ?»

«በላሁት።»

ሲስተር ዘይነባ መርፌ እንደያዘች ቆመች።

«ምን በላህ?»

«ቡና።»

የኔታ ፊታቸው ላይ ተስፋ አየሁ። «ቡና እኮ ጾም አያስገድፍም፣ ልጄ...»

«በቅቤ።»

«ስንት?»

«ሁለት ሳህን።»

«መቼ?»

«ዓርብ ዕለት።»

«በዕለተ ዓርብ!» አሉ የኔታ። ሌላውን ችለውት ነበር መሰለኝ፤ ዓርብ መሆኑን ግን አልቻሉትም።

ዶክተሩ ተጠጋ። «ቆይ፣ ቆይ፤ ቡና ቀላ? ገለባውን ተፍተሃል አይደል?»

«ጥርስ አስነቅዬ ነበር... ማኘክ አልቻልኩም። ዋጥኩት። ከነልጣጩ። በማንኪያ።»

ሲስተር ዘይነባ አፏን በመዳፏ ይዛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ዶክተሩ ለራሱ የሚናገር ይመስል «ሁለት ሳህን ልጣጭ...» አለና ቀና ብሎ «አባቴ፣ ወስፋት አይደለም። መድኃኒት አይፈታውም፣ ጠበልም አያወርደውም። መውጣት አለበት» አለ።

የኔታ ከተንበረከኩበት ተነሱ። ዳዊታቸውን ዘጉ፣ በማኅደሩ ከተቱ። ወደ እኔ ዞሩ። አሁን ይረግሙኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ዶክተሩን ሲያናግሩ ሰማኋቸው።

«ወረቀቱ የታለ?»

«ይኸው።»

ፈረሙ። በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው፣ ሳይቸኩሉ ፈረሙ።

«እንግዲያ ቅደዱት» አሉ።

ቀደዱኝ። ስነቃ አፌ ደርቋል፣ ሆዴ ይነደኛል፣ ግን ያ ጠምዛዡ ነገር የለም። ዶክተር ሰለሞን በጠርሙስ አንድ ነገር ይዞ መጣ። የሕፃን ጡጫ የሚያህል ጥቁር ኳስ ነው፤ ልጣጭና ገለባ በቅቤ ተለስኖ። «ልጄ» አለኝ፣ «ብዙ ነገር አውጥቻለሁ፤ ቡና ስለቅም ግን የመጀመሪያዬ ነው።»

ሲስተር ዘይነባ ደግሞ «ዶክተር፣ ይሄን ለመንግሥት ማስረከብ አለብን ወይስ ለቤት ፍጆታ ይፈቀዳል?» አለች። አታስቂኝ ብዬ ለመንኳት፤ ስፌቴ ሊበጠስ ነበር። በማግስቱ ወሬው ሆስፒታሉን ሞላው፤ በቡና መኪኖቹ ተጭኖ አጋሮም ደረሰ። ከሌላ ክፍል በሽተኞች እየተደገፉ ሊያዩኝ መጡ። አንዱማ «ደረጃው ስንት ወጣለት?» ብሎ ጠይቆኛል።

የኔታ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም፣ አልተናገሩም። በየቀኑ ከቅዳሴ መልስ ይመጣሉ፣ አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ ግንባሬን በመዳፋቸው ይለኩና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ያዞራሉ። ከአለንጋው ይልቅ ያ ዝምታ ነው የገረፈኝ።

በአምስተኛው ቀን ሲስተር ዘይነባ ወረቀት ይዛ ገባች። «በር ላይ አንድ ሽማግሌ አሉ። ሰዓት አይደለም ብሎ ዘበኛው ከለከላቸው። ይሄን ስጪልኝ አሉኝ።»

የኔታ ተቀበሏት። የደብተር ቅጠል ነው፤ ፊደሎቹ ትልልቅ፣ አንዱ ወጥቶ አንዱ ወርዶ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፊደሉ ፊደላችን ነው፤ ቋንቋው ግን ኦሮምኛ ስለሆነ እሳቸው አንዲት ቃል ሳይገባቸው አንድ ገጽ ጥርት አድርገው አነበቡት። ሲስተር ዘይነባ መጨረሻ ላይ ተረጎመችላቸው።

«መምህሬ፣ ይሄ በሕይወቴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ደብዳቤ ነው። ላከብርህ ብዬ ልገድልህ ነበር። ጾም ነው ብትለኝ ያለ ቅቤ እቆላልህ ነበር። ጥርሴን ያመኛል ብትለኝ አፍልቼ አጠጣህ ነበር። ሁሉን ስታስተምረኝ እሱን ለምን ደበቅከኝ? ወተት ይዤ መጥቻለሁ። አባትህ ከፈቀዱ ልግባ። አባ ዝናብ።»

የኔታ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እጃቸው ጥሩ ነው» አሉ። በአምስት ቀን ከራሳቸው የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል ነው። ተነስተው ወጡ፤ ዘበኛውን ምን እንዳሉት አላውቅም፣ አባ ዝናብን እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው።

አባ ዝናብ እንዳዩኝ «ረቢ! ረቢ!» እያሉ ፈጣሪን እየጠሩ አለቀሱ። «ወላሂ መሪጌታ፣ አላወቅኩም። ልጅዎን ገድዬው ነበር።»

«እርስዎ ምን አደረጉ? እንግዳ አከበሩ» አሉ የኔታ። «ጥፋቱ የሱ ነው። ከሱም ይልቅ የኔ ነው። በላሁ ለማለት እንዲህ እስኪፈራኝ ድረስ ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»

ይሄን ሲሉ ጋቢዬን ወደ ፊቴ ሳብኩት።

ወተቱ በቅል ነበር። ዶክተሩ ወተት ይችላል ብሎ ነበር፤ ግን ገና ሕማማት አልገባም፣ ጾሙ እንዳለ ነው። እኔ «አልጠጣም፣ የኔታ» አልኩ። አሁን ልጹም! የኔታ ከአባ ዝናብ እጅ ቅሉን ተቀብለው በኩባያ ቀዱ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ያን ኩባያ በእጃቸው አይነኩትም። ራሴን በአንድ እጃቸው ደገፍ አድርገው ወደ አፌ አስጠጉልኝ።

«ጠጣ። በሽተኛ ነህ» አሉኝ። «ላንተ እኔ እጾመዋለሁ።»

ለማጽናናት ያሉት ነው ብዬ ረሳሁት።

ከዚያ ወዲህ ምን ተለወጠብህ ብትሉኝ፣ ሐኪም «ምን በላህ?» ሲለኝ ያልተጠየቅኩትን ጨምሬ እናገራለሁ፤ ልጆቼ ያፍሩብኛል። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ሐኪም ፊት ይሉኝታ አያስፈልግም። የሰው ማዕድ ላይም «ይሄን አልችልም» ማለት ነውር አይደለም፤ የጋበዛችሁ ሰው ከምትሞቱበት ብትነግሩት ይመርጣል። በተለይ ደግሞ ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች፣ ልጃችሁ ሲያጠፋ መጥቶ ሊነግራችሁ የሚችል መሆኑን አንዳንዴ አረጋግጡ። እኔ ሦስት ልጆች አሳድጌ በአንድም ሰው ፊት «ልጄ አጥፍቶ አያውቅም» ብዬ አልመሰከርኩም። እንዳያጠፉ ሳይሆን፣ ሲያጠፉ እኔን ፈርተው እንዳይሞቱ።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤት ተዘጋና ቦሳ ኪቶ ወረድኩ። ሐምሌ ነው፤ የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል፣ ፍልሰታ ገና ነው፤ የመብል ጊዜ ነው። ለምሳ ቀረብን። የኔታ በአንደኛው ሳህን በቅቤ ያበደ የዶሮ ወጥ ወደ እኔ ገፉልኝ። ከፊታቸው ያለው ደረቅ ሽሮ ነው። ረስተው ይሆናል ብዬ የቀረበልኝን በላሁ። በማግስቱም ሽሮ። በሦስተኛውም ቀን ሽሮ።

«የኔታ፣ ጾም እኮ አይደለም» አልኳቸው።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«የአንተን ነው» አሉ ቀና ሳይሉ። «ከዚያች ዓርብ እስከ ፋሲካ ያለውን ቆጥሬዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳውን ቀን አይጾምም። ከዚያ የሐዋርያት ጾም ገባ፤ እሱ የራሴ ነው። ክፍት ያገኘሁት ይሄን ጊዜ ነው።»

ሳህኑን ገፋ አድርጌ ወደ ሽሮው እጄን ዘረጋሁ። የኔታ እጄን መታ አድርገው መለሱት።

«ተው፤ አንዱን ጾም ሁለት ሰው አይጾመውም። አንተ ብላ።»

እያለቀስኩ በላሁ።